ከሌላ ባህል ሰው ጋር መወዳጀትና የተቀበሉትን ደግነት ለሌላ ማሻገር፦ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ በጉርብትና ወይም በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ከሌላ ባህል የመጣ ሰው ለሚያጋጥመውና ከሰላምታ ያለፈ ግንኙነት ለመመሥረት ለሚሻ አንባቢ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰጡት ምክሮች አብዛኛዎቹ ስለ ባህሉ ጠይቀው፣ ስለ ባህልህም ንገረው በማለት ይጀምራሉ። እዚህ የተመረጠው መነሻ ግን ሌላ ነው፤ ባህላቸው የሚለያይ ሁለት ሰዎች በተሻለ ሁኔታ የሚቀራረቡት አንድ የጋራ ጉዳይ አብረው ሲጨርሱና አንዱ ከሌላው እርዳታ ለመቀበል ሲፈቅድ ነው። ስለ ባህል የሚደረገው ጨዋታ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

አንደኛ እርምጃ፦ ስሙን በትክክል ይያዙ

ከሁሉ አስቀድመው የሰውየውን ስም እሱ ራሱ በሚጠራበት አኳኋን መጥራት ይማሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ እንዲደግምልዎ ይጠይቁት፣ እርስዎም መልሰው ይጥሩትና እንዲያርምዎ ይፍቀዱለት፤ ከዚያም የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ለይተው በማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩት። ለአፍዎ ስለከበደ ብቻ ስሙን አያሳጥሩ፣ በሌላ ስምም አይተኩ። የትኛው የራሱ፣ የትኛው የቤተሰቡ መጠሪያ እንደሆነ መጠየቅም ነውር የለበትም፤ በአንዳንድ አገሮች የቤተሰብ ስም ቀድሞ ይጻፋል፣ በሌሎች ደግሞ ከነጭራሹ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። በምን ዓይነት አክብሮት መጠራት እንደሚፈልግ ካላወቁ ከአንቱታ ይጀምሩ፤ ከአንቱታ ወደ አንተ መውረድ ቀላል ነው፣ ከአንተ ወደ አንቱታ መመለስ ግን ሁለቱንም ወገን ያሳፍራል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ አብራችሁ የምትሠሩትን ነገር ይፈልጉ

የዚህ መመሪያ ዋነኛ ክፍል ይህ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ማስረዳት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ሥራው፣ የተለያዩ ማኅበረሰቦች አባላት ስለተገናኙ ብቻ በመካከላቸው ያለው ጥርጣሬ እንደማይቀንስ፣ መገናኘቱ ፍሬ የሚያፈራው አራት ሁኔታዎች ሲሟሉ እንደሆነ አስረድቷል፦ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ወደዚያ ግብ የሚሄዱት በመፎካከር ሳይሆን በመተባበር ሲሆን፣ እንዲሁም ቃሉን የሚያከብሩለት የበላይ አካል፣ ሕግ ወይም በአካባቢው ያለው ልማድ ግንኙነቱን ሲደግፈው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ 515 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ መገናኘት በአብዛኛው ጭፍን ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ አራቱ ሁኔታዎች ባይሟሉም ፈጽሞ ከንቱ እንደማይሆን፣ ሲሟሉ ግን ውጤቱ እንደሚጠነክር ደርሰውበታል።

አብሮ መዋል ብቻውን ለምን እንደማይበቃ በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1954 የበጋ ወራት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍ በአሜሪካዋ የኦክላሆማ ግዛት ውስጥ ያካሄደው ሙከራ ነው። ሸሪፍና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ የሆኑ ወንዶች ልጆችን በካምፕ ውስጥ ለሁለት ቡድን ከፍለው አፎካከሯቸው፤ ጠቡ ሲከር በአንድ አዳራሽ እንዲመገቡና አብረው ፊልም እንዲመለከቱ ቢያደርጉም መገናኛው የመሰዳደቢያ መድረክ ከመሆን አላለፈም። ጠቡ መብረድ የጀመረው የካምፑ ውሃ ሲቋረጥ ብልሽቱን አብረው መፈለግ ግድ ሲሆንባቸውና አልነሳ ያለውን የጭነት መኪና በአንድ ገመድ ሲጎትቱ ነው። ችግሮቹን የፈጠሩት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ልጆችን ሆን ብሎ የሚያጣላ እንዲህ ያለ ሙከራ ዛሬ ፈቃድ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ለእኛ ጉዳይ እንደጸና ነው፤ ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ተዋወቁ» ከማለት ይልቅ ጎን ለጎን አቁሞ አንድ ነገር እንዲያነሡ ማድረግ ይበልጣል።

እንግዲህ ሥራውን ሲመርጡ መጨረሻው የሚታይ ይሁን። ለአንድ ፈተና አብሮ መዘጋጀት፣ የተበላሸ ብስክሌት መጠገን፣ የጋራ ግቢ ማጽዳት፣ ዕቃ ማጓጓዝ ወይም ለአንድ ውድድር አብሮ ልምምድ መሥራት ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው፤ «አንድ ቀን እንገናኝ» ግን ሥራ አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የእኩልነቱ ጉዳይ ነው። እርስዎ የሰውየው አለቃ፣ አከራይ፣ አስተማሪ ወይም እርዳታ አከፋፋይ ከሆኑ፣ የቱንም ያህል ቢግባቡ ያ ሰው በፊትዎ ያለው ነጻነት የተገደበ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ እሱ የተሻለ የሚያውቅበትን መስክ ይፈልጉና እዚያ እርስዎ ተማሪ ይሁኑ። ቋንቋ መለማመድ ከፈለጋችሁም ጊዜውን እኩል ክፈሉት፤ ግማሹን ሰዓት በእርስዎ ቋንቋ፣ ግማሹን በእሱ። አንዱ ብቻ ሁልጊዜ በሰው ቋንቋ እየተንገዳገደ የሚያወራበት ግንኙነት እኩል ነው ለማለት ይቸግራል።

ጊዜውንም አስቀድሞ ማወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ላላ ወዳጅነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ ትክክለኛ ወዳጅነት ለመድረስ 90 ሰዓት ያህል፣ የቅርብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል፤ በግዴታ አብሮ የሚዋልበት የሥራ ሰዓት ብቻውን ያን ያህል እንደማያቀራርብም አመልክቷል። ጥናቱ የተካሄደው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ ቁጥሮቹን እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መጠን ማሳያ ይውሰዷቸው። በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚገናኙ ሰዎች 50 ሰዓት የሚሞላላቸው በግማሽ ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከወር በኋላም ጨዋታው ቢደርቅ አንዳች ነገር ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ

አዲስ መጤን ለመቅረብ የሚሹ ደጋግ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጣደፉት ለመስጠት ነው። ዕቃ ያመጣሉ፣ ያደርሳሉ፣ ጉዳይ ያስፈጽማሉ። ተቀባዩ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ስጦታው ሲደጋገምና ብድሩን የሚመልስበት መንገድ ሲያጣ ግን ይሉኝታ ይይዘዋል፣ ውሎ አድሮም ሰውየውን ባየ ቁጥር ዕዳው ትዝ ስለሚለው መንገድ መቀየር ይጀምራል። ሰጪው በበኩሉ «ይህን ሁሉ አድርጌለት ሸሸኝ» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም አላጠፉም፤ የተዛባው ሚዛኑ ነው።

ሚዛኑን ለማቃናት ዓይነተኛው ዘዴ እርስዎ ቀድመው ትንሽ ውለታ መጠየቅ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ ጸሐፊና ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በግለ ታሪኩ እንደተረከው፣ የፔንሲልቬኒያ ምክር ቤት ጸሐፊ በነበረበት ጊዜ የተቃወመውን አንድ የምክር ቤት አባል ለማለዘብ ደጅ አልጠናም፤ ይልቁንም ሰውየው ያለውን አንድ ብርቅ መጽሐፍ እንዲያውሰው ጠየቀውና ከሳምንት ያህል በኋላ ከምስጋና ማስታወሻ ጋር መለሰለት፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሰውየው ሞት ድረስ ወዳጆች ሆኑ። ጆን ጄከርና ዴቪድ ላንዲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ይህንኑ በሙከራ ሲፈትሹት፣ ያሸነፉትን ገንዘብ ለተመራማሪው እንደ ግል ውለታ እንዲመልሱለት የተጠየቁ ሰዎች ካልተጠየቁት ይበልጥ ተመራማሪውን ወደውት ተገኝተዋል። ሰው የረዳውን ሰው ይወዳል።

የሚጠይቁት ነገር ያ ሰው በእርግጥ የሚያውቀው፣ በአጭር ጊዜ የሚያልቅና ያለ ኀፍረት እንቢ ሊለው የሚችል ይሁን። «ይህችን ደብዳቤ በቋንቋችሁ የጻፍኳት ለሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሰላምታዬ አክብሮት ጎድሎት እንደሆነ ታይልኛለህ?» የሚል ጥያቄ እነዚህን ሁሉ ያሟላል። «ስለ አገርህ ፖለቲካ አስረዳኝ» የሚለው ግን ሸክም ነው፤ ሰውየውን የአገሩ አምባሳደር አድርጎ ያቆመዋል፣ ምናልባትም ሊረሳው የሚፈልገውን ነገር ያስታውሰዋል። ስለ ስደቱ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱና ስለ ሃይማኖቱ እሱ ራሱ እስኪያነሣ ይጠብቁ።

አራተኛ እርምጃ፦ ለንግግሩ ቦታ ይተዉ

የሁለታችሁ ቋንቋ እኩል ካልሆነ ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ፤ ዐረፍተ ነገሩን ያሳጥሩ። ተረትና ምሳሌ፣ ወርቁ የተሰወረ ቅኔ፣ ፌዝ የተቀላቀለበት ምስጋና ለጊዜው ይቆዩ። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ እምብዛም አይጠቅምም፣ ያልገባውም ሰው «አዎ» ይላልና፤ በምትኩ «እንግዲህ ነገ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ መረዳቱ ከመልሱ ይታወቃል። በስልክ የትርጉም መተግበሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ አሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፣ የወጣውንም ትርጉም መልሰው ወደ ራስዎ ቋንቋ አስተርጉመው ይዩት። የተመለሰው ካልተስተካከለ የሄደውም አልተስተካከለም።

ዝምታን መሙላት ልማድ የሆነባቸው ሰዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ። 10 ቋንቋዎችን ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ እንደሆነ፣ ከቋንቋ ቋንቋ ያለውም ልዩነት ከግማሽ ሰከንድ እንደማይበልጥ አሳይቷል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጆሯችን ለራሱ ቋንቋ ፍጥነት የተገራ ስለሆነ ያቺው ጥቂት መዘግየት እንቢታ ወይም ንቀት ትመስላለች፣ ፈጣኑ መልስ ደግሞ ማቋረጥ ይመስላል። ጥያቄ ጠይቀው መልስ ከዘገየብዎ በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያስብ ሰው ከዚያም በላይ ሊያስፈልገው ይችላል።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ሳልሰለቸው አልቀረሁም የሚል ስጋት ካደረብዎ፣ ያ ስጋት ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኤሪካ ቡዝቢና በባልደረቦቿ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ካወሩ በኋላ ሌላው ወገን ምን ያህል እንደወደዳቸው ሲገምቱ ከእውነተኛው አሳንሰው ይገምታሉ። ስለሆነም ሁለተኛውን ቀጠሮ ከሌላው ሳይጠብቁ እርስዎ ያቅርቡ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ለይተው።

አምስተኛ እርምጃ፦ ቅሬታ ሲመጣ ሦስት ምክንያት ያስቡ

መዘግየቱ፣ ስጦታውን ሳያመሰግን መቀበሉ ወይም ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለቱ ሊያስቀይምዎ ይችላል። ከመቆጣትዎ በፊት ለድርጊቱ ሦስት ምክንያት ይፈልጉ፦ አንዱ ከልማዱ፣ አንዱ ከጠባዩ፣ አንዱ ከዚያች ቀን ሁኔታ። ሁሉንም ነገር በባህል ማመካኘትም ስሕተት ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሰነፍም፣ ቁጡም፣ እንቅልፍ ያጣም ሊሆን ይችላል፣ እንደማንኛችንም። ነገሩ ከተደጋገመ ስለ ሕዝቡ ሳይሆን ስለራስዎ ይናገሩ፤ «እናንተ ሰዓት አታከብሩም» ከሚሉ «ግማሽ ሰዓት ስጠብቅ ሌላ ቀጠሮ ያመልጠኛል» ቢሉ መፍትሔ ይገኛል። አጥፊው እርስዎ ከሆኑ ይቅርታዎ አጭር ይሁን። ረጅም ማብራሪያ የተበደለውን ሰው አጽናኝ ያደርገዋል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የተቀበሉትን ወደ ፊት ያሻግሩ

ወዳጅነቱ ሲጠነክር በሁለታችሁ መካከል የሚመላለሰው ውለታ ወደ ሦስተኛ ሰው መውጣት ይችላል። አሠራሩ የቆየ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1784 ፈረንሳይ ሳለ ቤንጃሚን ዌብ ለተባለ ችግር ላይ ለወደቀ ሰው 10 ሉዊ የሚባል የወርቅ ገንዘብ ሲልክ፣ ገንዘቡን እንዳልሰጠው፣ እንዳበደረው፣ ዕዳውን የሚከፍለውም ሌላ እንደ እሱ የተቸገረ ሐቀኛ ሰው ሲያገኝ ያንኑ ያህል በማበደርና ያንንም ሰው በተመሳሳይ ግዴታ በማሰር እንደሆነ ጽፎለታል። በዚህ መንገድ ተቀባዩ የሚመልስበት አገኘ፣ ሰጪውም ከአበዳሪነት ወጣ።

በዘመናችን የዚህ ትልቁ ምሳሌ የኩላሊት ልገሳ ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ኩላሊቱን ለማያውቃት ሴት ሰጠ፤ የእሷ ባል፣ ለሚስቱ የሚስማማ ኩላሊት ስላልነበረው፣ የራሱን ለሌላ ሰው ለገሰ፤ የዚያም ሰው ቤተሰብ እንዲሁ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው የሕክምና ዘገባ መሠረት በዚህ ሰንሰለት 10 ንቅለ ተከላዎች ተካሂደዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ዝርዝር ልገሳዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን አለመፈጸማቸው ነው፤ ከለጋሾቹ ግማሽ ያህሉ የሰጡት ዘመዳቸው ከተቀበለ በኋላ፣ ቆይቶ የእነሱ ተራ ሲደርስ ነበር። በዕለት ተዕለት ደግነትም ለሚቀበለው ሰው ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ዛሬ የተረዳ ሰው ነገ እንዲረዳ መጠበቅ፣ ይባስ ብሎም «ለሦስት ሰው አድርግ» ብሎ ማዘዝ ደግነቱን ግብር ያደርገዋል። ውለታውን ለመመለስ ሲቸኩል ካዩ አንድ ጊዜ ብቻ «ለእኔ መመለስ የለብህም፤ የሚያስፈልገው ሰው ካጋጠመህ ለእሱ አድርገው» ይበሉት፣ ከዚያም ጉዳዩን ይተዉት።

ማሻገር የሚጀምረው ግን ከመልካሙ አይመስለኝም። ከርት ግሬይ፣ ኤድሪያን ዋርድና ማይክል ኖርተን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በማያውቁት ሰው ስግብግብነት የደረሰባቸው ሰዎች ስግብግብነቱን ለሚቀጥለው ሰው በቀላሉ ሲያስተላልፉ፣ ቸርነት የተደረገላቸው ግን ቸርነቱን በዚያው ልክ ሲያስተላልፉ አልታዩም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ የደረሰብዎትን ክፉ ነገር እርስዎ ጋ ማቆም ነው፤ ጠዋት በመሥሪያ ቤት የተንገላታ ሰው ከሰዓት በኋላ ቋንቋው ካልቀናው እንግዳ ጋር ሲነጋገር ድምፁን ይጠብቅ።

ቀጥሎ ለሚያደርጉት ደግነት ትንሽነቱ አያስጨንቅዎ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ ባካሄዷቸው ሙከራዎች፣ ለምሳሌ በብርድ ቀን ለማያውቁት ሰው ትኩስ መጠጥ የሰጡ ሰዎች፣ ተቀባዩ ለነገሩ የሚሰጠውን ዋጋ በተደጋጋሚ አሳንሰው ገምተዋል፤ ሰጪው የሚያስበው ስለ ዕቃው ሲሆን ተቀባዩ የሚቆጥረው መታሰቡን ነው። ቅጽ ሲሞላ አብሮ መቀመጥ፣ የአውቶቡስ መሥመር አሳይቶ እስከ መቆሚያው መሸኘት፣ በስብሰባ ላይ የተዘለለውን ሰው አሳብ «እሱ ያለውን እንስማ» ብሎ መመለስ፣ እነዚህ ከሰዓት የማይበልጥ ጊዜ የሚፈጁ ናቸው። ጀምረው የማይጨርሱትን ግን አይጀምሩ፤ እስከ ግማሽ መንገድ የተሸኘ እንግዳ ካልተሸኘው ይልቅ ይጠፋል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ገደቡን ይወቁ

ደግነትዎን አይቅረጹ፣ የተቀባዩንም ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉ፤ ፈቃድ ቢጠይቁትም ውለታ ያለበት ሰው እንቢ ማለት ይከብደዋል። የሌላ ሰው ፓስፖርት ወይም የባንክ ካርድ በአደራ አይያዙ። የፍርድ ቤትና የሕክምና ትርጉም ለሠለጠነ አስተርጓሚ የሚተው ነው፣ አንድ የተሳሳተ ቃል የሚያመጣውን መዘዝ ወዳጅነት አይመልሰውምና። ገንዘብ ማበደር ግድ ከሆነ ባይመለስ የማያጣላችሁን ያህል ብቻ ያበድሩ።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ለሚቀጥለው መጤ አንድ ገጽ ይጻፉ

ይህ እርምጃ ሁለተኛውንና ስድስተኛውን በአንድ ላይ ያሠራል። ከወዳጅዎ ጋር ይቀመጡና በመጀመሪያው ወር ምን እንደቸገረው፣ ማን ሊነግረው ይገባ እንደነበርና ነገሩን በመጨረሻ እንዴት እንዳወቀው ይጠይቁት። ከዚያ ውስጥ ለሌላ ሰው የሚጠቅመውን መርጣችሁ በሁለቱም ቋንቋ በአንድ ገጽ ጻፉት፦ የትኛው ቢሮ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ፣ የትኛው ሰነድ በቅድሚያ እንደሚጠየቅ፣ በአካባቢው የተለመደው ሰላምታ ምን እንደሆነ፣ ሰው የማይነግርህ ነገር ግን ሁሉ የሚያውቀው ደንብ የትኛው እንደሆነ። ምን መግባት እንዳለበት ሲለያዩ የወዳጅዎ አሳብ ይጽና፤ መንገዱን ያለፈበት እሱ ነው። ለአዲሱ ሰው ወረቀቱን የሚሰጠውም እሱ ይሁን፣ እርስዎ ወደ ኋላ ይቆዩ። የማንንም የግል ስልክ ቁጥር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አታስፍሩበት፤ ግርጌው ላይ የተጻፈበትን ቀን አድርጉና በየዓመቱ አብራችሁ አርሙት፣ የተዘጋ ቢሮ አድራሻ መጤውን በከንቱ ያንከራትተዋልና።